ሺሚንግ (የመግነጢሳዊ መስክ ማስተካከል)

ሺሚንግ ማለት በኤምአርአይ ማሽን ውስጥ ያለው መግነጢሳዊ መስክ በሚመረመረው ቦታ ሁሉ እኩል ጥንካሬ እንዲኖረው የማስተካከል ሥራ ነው። ለማንኛውም የኤምአርአይ ምርመራ ይጠቅማል፤ ከሁሉ ይበልጥ የሚያስፈልገው ግን ለማግኔቲክ ሬዞናንስ ስፔክትሮስኮፒ፣ በአጭሩ ለኤምአርኤስ ነው። ኤምአርኤስ የአንጎልን ምስል ከማንሳት ይልቅ በአንድ የአንጎል ክፍል ውስጥ የሚገኙ ኬሚካሎችን ዓይነትና መጠን የሚለካ፣ መርፌም ሆነ ቀዶ ጥገና የማይጠይቅ ዘዴ ነው። መስኩ ወጥ ካልሆነ የኬሚካሎቹ ምልክቶች እርስ በርስ ይደባለቃሉ፤ ማሽኑ የሚያወጣው ቁጥርም የሚታመን አይሆንም። በዚህ ምክንያት የአንጎል ኤምአርኤስ ጥራት የሚወሰነው በማግኔቱ ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን በመስኩ ወጥነትም ጭምር ነው።

ስያሜ

«ሺም» የእንግሊዝኛ ቃል ሲሆን በሁለት ነገሮች መካከል ያለን ክፍተት ለመሙላት ወይም የተንጋደደን ነገር ለማቃናት የሚገባ ስስ ብረት ወይም እንጨት ማለት ነው። ከሚንገዳገድ ጠረጴዛ እግር ሥር የሚደረግ ሽብልቅ ጥሩ ምሳሌ ነው። በቀድሞዎቹ ማግኔቶች ላይ ተመራማሪዎች መስኩን ለማስተካከል ስስ የብረት ቁራጮችን ይጠቀሙ ስለነበር ቃሉ የሥራው ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ዛሬ አብዛኛው ማስተካከል በኤሌክትሪክ ጅረትና በኮምፒውተር ስሌት ቢከናወንም ስሙ አልተለወጠም።

የመስክና የድግግሞሽ ግንኙነት

የሃይድሮጅን አቶም አስኳል፣ ማለትም ፕሮቶን፣ በመግነጢሳዊ መስክ ውስጥ ሲሆን በተወሰነ ድግግሞሽ ይሾራል። ድግግሞሹ ከመስኩ ጥንካሬ ጋር ቀጥተኛ ተመጣጣኝ ነው፦

ድግግሞሽ (በሜጋ ሄርዝ) = 42.58 × የመስኩ ጥንካሬ (በቴስላ)

በዚህ መሠረት የፕሮቶን ድግግሞሽ በ1.5 ቴስላ ማሽን 63.9 ሜጋ ሄርዝ፣ በ3 ቴስላ ማሽን 127.7 ሜጋ ሄርዝ፣ በ7 ቴስላ ማሽን ደግሞ 298 ሜጋ ሄርዝ ገደማ ነው።

ሆኖም ሁሉም ፕሮቶኖች ልክ አንድ ዓይነት መስክ አይደርሳቸውም። በሞለኪውል ውስጥ ፕሮቶኑን የከበቡት ኤሌክትሮኖች የውጪውን መስክ በጥቂቱ ይከልሉታል። የክለላው መጠን ከሞለኪውል ሞለኪውል ስለሚለያይ እያንዳንዱ ኬሚካል የራሱ የሆነ ድግግሞሽ ይኖረዋል። ይህ ልዩነት ኬሚካላዊ ሽግሽግ የሚባል ሲሆን የሚለካውም በፒፒኤም፣ ማለትም ከሚሊዮን አንድ እጅ፣ ነው። በአንጎል ውስጥ ከሚታዩት ዋና ዋና ምልክቶች መካከል የሚከተሉት ይገኛሉ፦

• ላክቴት፦ 1.3 ፒፒኤም
• ኤን-አሴቲል አስፓርቴት (ኤንኤኤ)፦ 2.0 ፒፒኤም
• ግሉታሜትና ግሉታሚን፦ በ2.1 እና በ2.5 ፒፒኤም መካከል
• ክሬቲን፦ 3.03 ፒፒኤም
• ኮሊን፦ 3.2 ፒፒኤም
• ማዮ-ኢኖሲቶል፦ 3.5 ፒፒኤም ገደማ
• ውኃ፦ 4.7 ፒፒኤም

የኤምአርኤስ ውጤት ስፔክትረም የሚባል መስመር ነው። በመስመሩ ላይ እያንዳንዱ ኬሚካል በራሱ ቦታ ጉብታ ሆኖ ይታያል፤ ከጉብታው በታች ያለው ስፋትም የኬሚካሉን መጠን ያመለክታል።

ምን ያህል ወጥነት ያስፈልጋል?

በክሬቲንና በኮሊን መካከል ያለው ልዩነት 0.17 ፒፒኤም ያህል ብቻ ነው። ይህ በ3 ቴስላ ማሽን 22 ሄርዝ፣ በ1.5 ቴስላ ማሽን ደግሞ 11 ሄርዝ ይሆናል። ሁለቱን ለይቶ ለማየት የእያንዳንዱ ጉብታ ወርድ ከዚህ በጣም ማነስ አለበት።

የጉብታን ወርድ የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ምልክቱ በተፈጥሮው የሚከስምበት ፍጥነት ነው። ለምሳሌ በ200 ሚሊ ሰከንድ የጊዜ ቋሚ የሚከስም ምልክት ከ1.6 ሄርዝ ያነሰ ወርድ ሊኖረው አይችልም። ሁለተኛው የመስኩ አለመመጣጠን ነው። መስኩ በሚለካው ቦታ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር የሚለያይ ከሆነ፣ አንድ ዓይነት ኬሚካል በአንዱ ዳር ከፍ ባለ፣ በሌላው ዳር ዝቅ ባለ ድግግሞሽ ይሾራል። ውጤቱም ረጅምና ቀጭን በነበረው ጉብታ ፈንታ አጭርና ሰፊ ጉብታ ነው።

መጠኑን በምሳሌ ማየት ይቻላል። የሚለካው ቦታ እያንዳንዱ ጎኑ 2 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኪዩብ ቢሆን፣ መስኩም በአንድ አቅጣጫ በየሜትሩ በ0.01 ሚሊ ቴስላ ቢጨምር፣ ከዳር እስከ ዳር ያለው ልዩነት 0.2 ማይክሮ ቴስላ ነው። ይህ ወደ ድግግሞሽ ሲለወጥ 8.5 ሄርዝ ይሆናል። በስፔክትሮስኮፒ ብዙውን ጊዜ ተቀባይነት ያለው የወርድ ገደብ 0.1 ፒፒኤም ሲሆን ይህም በ3 ቴስላ ማሽን 0.3 ማይክሮ ቴስላ ማለት ነው። የምድር መግነጢሳዊ መስክ በገጿ ላይ ከ25 እስከ 65 ማይክሮ ቴስላ ስለሆነ፣ ሺሚንግ ማሳካት ያለበት ትክክለኛነት የምድርን መስክ አንድ መቶኛ ያህል ነው ማለት ይቻላል።

መስኩን የሚያዛቡ ነገሮች

የመስክ መዛባት ከሦስት ምንጮች ይመጣል።

ማግኔቱ ራሱ። ማግኔት ሲሠራ በሽቦው አጠማጠም ላይ የሚፈጠር ጥቃቅን ስህተት መስኩን ያዛባል።

አካባቢው። በክፍሉ ግድግዳና ወለል ውስጥ ያለ ብረት፣ እንዲሁም በአቅራቢያ ያሉ ትላልቅ የብረት ዕቃዎች መስኩን ይስባሉ።

የታካሚው ጭንቅላት። ለአንጎል ኤምአርኤስ ዋናው ችግር ይህ ነው። ማንኛውም ነገር መግነጢሳዊ መስክ ውስጥ ሲገባ በተወሰነ መጠን ራሱ ማግኔት ይሆናል። የዚህ ባሕርይ መለኪያ ሰሰፕቲቢሊቲ ይባላል። የአየር ሰሰፕቲቢሊቲ +0.4 ፒፒኤም ገደማ ሲሆን የሰውነት ሥጋ እንደ ውኃ −9 ፒፒኤም ገደማ ነው። ስለዚህ አየርና ሥጋ በሚገናኙበት ቦታ ሁሉ መስኩ ይታጠፋል። በጭንቅላት ውስጥ ደግሞ አየር የያዙ ክፍተቶች ብዙ ናቸው፤ ከግንባር አጥንትና ከአፍንጫ በስተኋላ ያሉት ሳይነሶች፣ እንዲሁም የጆሮ ቀዳዳና ከጆሮ ጀርባ ያለው አጥንት ለዚህ ተጠቃሽ ናቸው። በዚህ የተነሳ ከዓይን በላይ ያለው የፊተኛው አንጎል የታችኛው ክፍልና በጆሮ አካባቢ ያለው የአንጎል ክፍል ለማስተካከል አስቸጋሪ ናቸው። ለማስታወስ ችሎታ አስፈላጊ የሆነው ሂፖካምፐስም በዚሁ አስቸጋሪ አካባቢ ይገኛል። በአንጻሩ ከጭንቅላት በስተኋላና ከላይ ያለው የአንጎል ክፍል ከአየር ስለሚርቅ በቀላሉ ይስተካከላል።

የፈሰሰ ደም፣ የካልሲየም ክምችት፣ በቀዶ ጥገና የገባ ብረትና የጥርስ ማስተካከያ ሽቦም መስኩን ያዛባሉ። የእያንዳንዱ ሰው ጭንቅላት ቅርጽ ስለሚለያይ ለአንድ ታካሚ የተገኘው ማስተካከያ ለሌላው አይሆንም። ሺሚንግ ለእያንዳንዱ ሰው፣ እንዲያውም ለእያንዳንዱ የአንጎል ክፍል፣ እንደ አዲስ መሠራት አለበት።

የማስተካከያ ዓይነቶች

በብረት ማስተካከል

ማሽኑ ሲተከል ባለሙያዎች በማግኔቱ ውስጠኛ ግድግዳ ዙሪያ ባሉ መሳቢያዎች ውስጥ ትናንሽ ብረቶችን ይደረድራሉ። የት ቦታ ስንት ብረት እንደሚገባ የሚወሰነው መስኩ ከተለካ በኋላ በኮምፒውተር ስሌት ነው። ይህ ዘዴ የማግኔቱንና የክፍሉን ስህተት ያርማል፤ የታካሚውን ጭንቅላት ግን አያውቅም። ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ ነገር ግን ብረቱ ሲሞቅ መግነጢሳዊ ጉልበቱ ስለሚቀንስ መስኩ ቀስ በቀስ ሊንሸራተት ይችላል።

በኮይል ማስተካከል

ለእያንዳንዱ ታካሚ የሚደረገው ማስተካከያ በጥምጥም ሽቦዎች፣ ማለትም በኮይሎች ይከናወናል። በየኮይሉ የሚያልፈው ጅረት ሲጨምር ወይም ሲቀንስ ኮይሉ የሚፈጥረው መስክ ይለወጣል። ኮይሎቹ ስፌሪካል ሃርሞኒክስ በሚባሉ የሒሳብ ቅርጾች መሠረት የተሠሩ ናቸው። ምክንያቱም ጅረት በሌለበትና አንድ ዓይነት ቁስ ብቻ በሞላው ቦታ ውስጥ ያለ መስክ ምንጊዜም የእነዚህ ቅርጾች ድምር ሆኖ ሊጻፍ ይችላል። በደረጃ ሲከፋፈሉ እንደሚከተለው ናቸው፦

• ዜሮ ደረጃ፦ በሁሉም ቦታ እኩል የሆነ መስክ (1 ቅርጽ)
• አንደኛ ደረጃ፦ በኤክስ፣ በዋይና በዜድ አቅጣጫ እንደ ቁልቁለት የሚቀንስ ወይም የሚጨምር መስክ (3 ቅርጾች)
• ሁለተኛ ደረጃ፦ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ወይም እንደ ኮርቻ የታጠፈ መስክ (5 ቅርጾች)
• ሦስተኛ ደረጃ፦ ከዚህም የተወሳሰበ መስክ (7 ቅርጾች)

አንደኛ ደረጃን የሚያስተካክሉት ምስል ለማንሳት የሚያገለግሉት የማሽኑ ግራዲየንት ኮይሎች ናቸው። ብዙ የ3 ቴስላ ማሽኖች የሁለተኛ ደረጃ ኮይሎች አሏቸው። ሦስተኛ ደረጃ ደግሞ በአንዳንድ የ7 ቴስላ ማሽኖች ላይ ይገኛል።

የመስክ ካርታ

መስኩን ለማስተካከል መጀመሪያ መዛባቱን ማወቅ ያስፈልጋል። የተለመደው ዘዴ በሁለት የተለያዩ ጊዜያት ምልክት ተቀብሎ በመካከሉ የምልክቱ ፌዝ፣ ማለትም የዞረበት ማዕዘን፣ ምን ያህል እንደተለወጠ ማስላት ነው፦

የድግግሞሽ ልዩነት = የፌዝ ለውጥ (በሙሉ ዙር) ÷ በሁለቱ መካከል ያለፈው ጊዜ

ለምሳሌ በ5 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ፌዙ ሩብ ዙር ከተለወጠ፣ በዚያ ቦታ ያለው ድግግሞሽ ከሚፈለገው በ50 ሄርዝ ይለያል። ይህ ስሌት በየነጥቡ ሲደገም የመስክ ካርታ ይገኛል።

ካርታው ሁለት ወጥመዶች አሉት። አንደኛው ማዕዘን ሙሉ ዙር ሲሞላ ወደ ዜሮ ስለሚመለስ ከግማሽ ዙር በላይ የሆነን ለውጥ በቀጥታ መለየት አለመቻሉ ነው። ከላይ በተጠቀሰው የ5 ሚሊ ሰከንድ ምሳሌ ከ−100 እስከ +100 ሄርዝ ያለው ብቻ በትክክል ይነበባል። ጊዜው ወደ 2 ሚሊ ሰከንድ ቢያጥር ክልሉ ወደ ±250 ሄርዝ ይሰፋል፤ ነገር ግን ጥቃቅን ልዩነቶችን የመለየት ችሎታው ይቀንሳል። ሁለተኛው ወጥመድ የራስ ቆዳ ስብ ነው። የስብ ድግግሞሽ ከውኃ በ3.5 ፒፒኤም ገደማ ስለሚለይ የስብ ነጥቦች የተዛባ መስክ መስለው ይታያሉ፤ ስለዚህ ከስሌቱ በፊት ይወገዳሉ።

ስሌቱ

ካርታው ከተገኘ በኋላ የቀረው ሥራ የሒሳብ ጥያቄ ነው፦ በየኮይሉ ስንት ጅረት ቢገባ የቀረው መዛባት ከሁሉ ያነሰ ይሆናል? በሚለካው ቦታ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ነጥቦች ሲኖሩ ያልታወቁት ቁጥሮች ግን እስከ ሁለተኛ ደረጃ ድረስ 9 ብቻ ናቸው። እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ቀመር ይሰጣል። ሁሉንም ቀመሮች በአንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ማሟላት ስለማይቻል፣ የቀሩት ስህተቶች ካሬ ድምር ከሁሉ እንዲያንስ የሚያደርገው መልስ ይመረጣል። ይህ ዘዴ ሊስት ስኩዌርስ ይባላል። ኮይሎቹ የሚችሉት ጅረት ውስን በመሆኑ ጥሩ ሶፍትዌር ገደቡን በስሌቱ ውስጥ ያስገባል። መልሱን ካገኘ በኋላ በገደቡ ላይ መቁረጥ ትክክል አይደለም፤ ምክንያቱም አንዱ ኮይል ሲቆረጥ የሌሎቹም ትክክለኛ ዋጋ ይለወጣል።

የሚለካው ቦታ ትንሽ ሲሆን ስሌቱ ሌላ ችግር ያጋጥመዋል። የኮይሎቹ ቅርጾች ንጹሕ የሚሆኑት በማግኔቱ መሐል ላይ ነው። ከመሐል 5 ሴንቲ ሜትር ርቆ በሚገኝ፣ ከመሐሉ በየአቅጣጫው 1 ሴንቲ ሜትር በሚዘልቅ ትንሽ ኪዩብ ውስጥ የ«ዜድ ካሬ» ኮይል በአብዛኛው የሚመስለው ቀጥ ያለ ቁልቁለትን ነው። ዜድ 5 ሲደመር ትንሽ ርቀት ከሆነ፣ ካሬው 25 ሲደመር 10 እጥፍ ርቀቱ ሲደመር የርቀቱ ካሬ ይሆናልና ነው። ርቀቱ 1 ሴንቲ ሜትር ሲሆን የቁልቁለቱ ድርሻ 10፣ የእውነተኛው እጥፋት ድርሻ ግን 1 ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለት ኮይሎች ለስሌቱ አንድ ዓይነት መስለው ይታያሉ። በካርታው ላይ ያለች ጥቂት ሁካታም በጣም ትልቅና እርስ በርሱ የሚጣፋ ጅረት እንዲመረጥ ታደርጋለች። መፍትሔው ካርታውን ከሚለካው ቦታ በጥቂቱ ሰፋ አድርጎ መውሰድ ወይም ትላልቅ ጅረቶችን የሚቀጣ ተጨማሪ ሁኔታ በስሌቱ ውስጥ ማስገባት ነው።

ትንሽ ቦታ ጥቅምም አለው። በመላው አንጎል ውስጥ ያለው መስክ በ9 ቅርጾች የማይገለጽ ውስብስብ ነው። በ2 ሴንቲ ሜትር ኪዩብ ውስጥ ግን መስኩ በአብዛኛው እንደ ቁልቁለትና እንደ ቀላል እጥፋት ሆኖ ይታያል፤ ይህን ደግሞ ኮይሎቹ ማጥፋት ይችላሉ። አንድ ቮክስል ብቻ የሚለካ ኤምአርኤስ ብዙ ቮክስሎችን በአንድ ጊዜ ከሚለካው የተሻለ ስፔክትረም የሚሰጥበት ዋና ምክንያት ይህ ነው።

ፋስትማፕ

ሮልፍ ግሩተር በ1993 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ፋስትማፕ የተባለ ዘዴ ሙሉ ካርታ ሳያስፈልግ የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ኮይሎችን ሁሉ ያስተካክላል። ዘዴው በሚለካው ቦታ መሐል ላይ የሚገናኙ ስድስት ቀጫጭን ዘንጎች ላይ ብቻ መስኩን ይለካል። በየዘንጉ ላይ የመስኩ ቁልቁለትና እጥፋት ስለሚገኝ በአጠቃላይ 12 ቁጥሮች ይሰበሰባሉ። የሚፈለጉት 3 የአንደኛና 5 የሁለተኛ ደረጃ ዋጋዎች ስለሆኑ መረጃው ከበቂ በላይ ነው። መለካቱም ሆነ ስሌቱ ፈጣን በመሆኑ ዘዴው ለአንድ ቮክስል ኤምአርኤስ በስፋት አገልግሏል።

የሥራ ቅደም ተከተል

1. የታካሚው ጭንቅላት እንዳይንቀሳቀስ በትራስ ይደገፋል።
2. የሚለካው ቦታ በምስል ላይ ይመረጣል፤ በተቻለ መጠን ከአጥንት፣ ከሳይነስና ከራስ ቆዳ ስብ ይርቃል።
3. በዚያ ቦታ የመስክ ካርታ ይነሳል።
4. ሶፍትዌሩ የየኮይሉን ጅረት አስልቶ ይለቃል።
5. የማሽኑ ድግግሞሽ ከውኃው ጋር ይስተካከላል።
6. የውኃው ጉብታ ወርድ ይለካል፤ ካልተሻሻለ ከ3 እስከ 5 ያለው ይደገማል።
7. የውኃው ምልክት ይታፈንና ዋናው መለኪያ ይጀመራል።

ታካሚው በመካከሉ ጭንቅላቱን ካንቀሳቀሰ ሥራው እንደገና መጀመር አለበት። ግራዲየንቶችን በብርቱ የሚያሠሩ ምርመራዎች የማስተካከያ ብረቶቹን ስለሚያሞቁ ኤምአርኤስን ከእነርሱ በፊት መሥራት ይመከራል።

መጥፎ ሺሚንግ የሚያስከትለው ችግር

መስኩ ሲዛባ ከጉብታው በታች ያለው ስፋት በመርህ ደረጃ አይቀንስም፤ ቁመቱ ግን ይቀንሳል። ወርዱ እጥፍ ሲሆን ቁመቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ጉብታው ከሁካታው አንጻር የነበረውን ከፍታ በመደጋገም ብቻ ለመመለስ አራት እጥፍ ጊዜ ያስፈልጋል፤ 5 ደቂቃ የነበረው ምርመራ 20 ደቂቃ ይሆናል ማለት ነው። የተደባለቁ ጉብታዎችን ግን ጊዜ ማራዘም አይለያቸውም።

የውኃ ምልክት ከሌሎቹ ኬሚካሎች ምልክት በብዙ ሺህ እጥፍ ይበልጣል። የውኃው ጉብታ ሲሰፋ ከሚታፈንበት የድግግሞሽ ክልል ውጪ ይተርፍና ጎረቤቶቹን ይውጣል።

በሕክምና ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከዚህ ይጀምራል። ኤንኤኤ የነርቭ ሴሎች ምልክት ስለሆነ መቀነሱ የነርቭ ሴል ጉዳትን ያሳያል። ኮሊን በብዙ የአንጎል ዕጢዎች ውስጥ ይጨምራል። ላክቴት ደግሞ በስትሮክና በሚቶኮንድሪያ በሽታዎች ይታያል። በዕጢው በኩል ያለው ቮክስል በመጥፎ መስክ፣ በጤናማው በኩል ያለው በጥሩ መስክ ቢለካ፣ የጉብታዎቹን ቁመት ብቻ የሚያነጻጽር ሰው ኤንኤኤ የቀነሰ ሊመስለው ይችላል። ክሬቲንና ኮሊን ወደ አንድ ጉብታ ከተዋሐዱ የኮሊን መጨመር ሊታለፍ ይችላል። የአይዲኤች ጂን ለውጥ ባለባቸው ዕጢዎች ውስጥ የሚገኘው 2-ሃይድሮክሲግሉታሬት በ2.25 ፒፒኤም ላይ ከግሉታሜትና ከግሉታሚን ጋር ተጠጋግቶ ስለሚታይ፣ ሰፊ ጉብታ የሌለውን ኬሚካል እንዳለ ሊያስመስል ይችላል።

አደጋውን የሚያከብደው የትንተና ሶፍትዌር ስፔክትረሙ ጥሩም ሆነ መጥፎ ቁጥር ማውጣቱ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ከመነበቡ በፊት ስፔክትረሙን በዓይን ማየትና ወርዱን መለካት ያስፈልጋል። የሜታቦላይት ጉብታ ወርድ ከ0.1 ፒፒኤም፣ ማለትም በ3 ቴስላ ከ13 ሄርዝ ገደማ በላይ ከሆነ፣ ውጤቱ ሊተረጎም እንደማይገባ የዘርፉ ባለሙያዎች ይመክራሉ። እንዲህ ያለውን ውጤት ጥሎ መለኪያውን መድገም የተሳሳተ ምርመራን ለታካሚ ከመስጠት ይሻላል።

ታሪክ

ፊሊክስ ብሎክና ኤድዋርድ ፐርሰል የአስኳል መግነጢሳዊ ሬዞናንስን በ1946 እ.ኤ.አ. ለየብቻ ይፋ ያደረጉ ሲሆን በ1952 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ተካፍለዋል። ኬሚካላዊ ሽግሽግ ከታወቀ በኋላ የመስክ ወጥነት ትልቅ ጥያቄ ሆነ። ብሎክ በ1954 እ.ኤ.አ. ናሙናውን በማሾር የመስኩ ልዩነት እንዲመጣጠን ማድረግ እንደሚቻል ገለጹ። ዘዴው በብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ላለ ፈሳሽ ቢሠራም የሰውን ጭንቅላት ማሾር ስለማይቻል ለአንጎል አይጠቅምም።

ማርሴል ጎሌይ በ1958 እ.ኤ.አ. እያንዳንዱ አንድ የመስክ ቅርጽ ብቻ እንዲያርም ተደርጎ የተነደፈ የኮይል ስብስብ አቀረቡ። እኚሁ ሰው በኮምፒውተር ሳይንስ ዘንድ የሚታወቁት በ1949 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት፣ ስህተትን በሚያርመው የጎሌይ ኮድ ነው። ዌስተን አንደርሰን በ1961 እ.ኤ.አ. በኤሌክትሪክ ጅረት የሚሠሩ ሺሞችን በዝርዝር አቀረቡ። በ1984 እ.ኤ.አ. ሮሜዎና ሆልት መስክን በስፌሪካል ሃርሞኒክስ መተንተንንና የኮይል ንድፍን ለሰው ልጅ መጠን ማግኔቶች አብራሩ። ከዚያ በኋላ እንደ ፋስትማፕ ያሉ አልጎሪዝሞች በእጅ ይደረግ የነበረውን ረጅም ሥራ ወደ አጭር አውቶማቲክ ሥራ ቀየሩት።

ገደቦችና አዳዲስ ዘዴዎች

ከሳይነስ አጠገብ ያለው መስክ በጣም የተወሳሰበ ስለሆነ ከጭንቅላት ርቀው የተቀመጡ የዝቅተኛ ደረጃ ኮይሎች ሊያጠፉት አይችሉም። ማግኔቱ ሲጠነክር መዛባቱም በሄርዝ አብሮ ያድጋል። በ7 ቴስላ ላይ የመተንፈስ እንቅስቃሴ ብቻውን በአንጎል ውስጥ ያለውን ድግግሞሽ በጥቂት ሄርዝ ያወዛውዛል። በየጥቃቅን የደም ሥሩ ዙሪያ ያለውን መዛባትም ምንም ዓይነት ኮይል አያርመውም።

እነዚህን ገደቦች ለመቀነስ የተለያዩ መንገዶች ተሞክረዋል። አንደኛው በመለኪያው መካከል ከአንድ ቦታ ወደ ሌላው ሲታለፍ የኮይሎቹን ጅረት ወዲያው መለወጥ ነው፤ ይህ ዳይናሚክ ሺሚንግ ይባላል። ሁለተኛው ከስፌሪካል ሃርሞኒክስ ይልቅ በጭንቅላት ዙሪያ የተደረደሩ ብዙ ትናንሽ ክብ ኮይሎችን መጠቀም ነው። እያንዳንዱ ኮይል የራሱ ጅረት ስላለውና ለጭንቅላቱ ስለሚቀርብ ውስብስብ መስኮችን መፍጠር ይችላል። ሦስተኛው እንደ ልዩ ግራፋይት ያለ፣ መስክን የሚገፋ ቁስ በታካሚው አፍ ውስጥ ማስቀመጥ ነው፤ ለአንጎል የታችኛው ክፍል ቢረዳም ለታካሚው ምቹ ስላልሆነ አልተስፋፋም። በሦስቱም ዘዴዎች ውጤቱ የሚመዘነው ከማስተካከሉ በኋላ በቀረው የጉብታ ወርድ ነው።